ጄፍሪ ቾሰር፤ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ልጅ

ጄፍሪ ቾሰር የእንግሊዝኛ ቅኔ አባት ተብሎ ይጠራል። የካንተርበሪ ተረቶች በመባል የሚታወቀው ድርሰቱ ከ600 ዓመታት በላይ ሲነበብ ኖሯል። ይሁን እንጂ በ1966 ታትሞ በወጣው የሕይወት ታሪኩ መዛግብት ስብስብ ውስጥ ካሉት 493 ሰነዶች መካከል ባለቅኔ መሆኑን የሚናገር አንድም የለም። ሰነዶቹ የሚያወሱት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መልእክተኝነትና ስለ ወይን ጠጅ ነው። መንግሥቱ የሚያውቀው ቾሰር መዝገብ ያዥ፣ የወደብ ተቆጣጣሪና የንጉሥ መልእክተኛ ነበረ። ባለቅኔው በየትምህርት ቤቱ ስለሚታወቅ፣ በሒሳብና በቁጥጥር ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ቾሰር ነው። የእሱንም ታሪክ ለመረዳት ከአያቶቹ መጀመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተ ሰቡ መነሻ ለንደን አልነበረም። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሳፎክ ግዛት፣ ኢፕስዊች የምትባል የወደብ ከተማ አለች። የባለቅኔው ቅድመ አያት አንድሩ በ13ኛው መቶ ዓመት የሚኖረው በዚያ ነበር። መዛግብቱ አንዳንድ ጊዜ የዴኒንግተን አንድሩ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባለመጠጥ ቤቱ አንድሩ እያሉ ይጠሩታል። ልጁ ሮበርት ወደ ለንደን ተሻግሮ በዚያ ኑሮውን መሠረተ። ቾሰር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ጫማና የእግር ልብስ ሠሪ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ቤተ ሰብ በጫማ ሥራ የተዳደረ ሰው አይታወቅም። ሮበርት ስሙን የወሰደው በ1302 ከሞተ ጆን ከሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጌታው ሳይሆን አይቀርም። በ1310 ሮበርት ከአኪቴን ነጋዴዎች ወይን ጠጅ ላይ የተጣለውን አዲስ ቀረጥ በለንደን ወደብ ከሚሰበስቡት ሹማምንት አንዱ ሆኖ ተሾመ። መጠጥ ቤት ከፍቶ ይነግድ የነበረው ሰው ልጅ በአንድ ትውልድ ውስጥ የንጉሥ ቀረጥ ሰብሳቢ ለመሆን በቃ።

በዚያ ዘመን የወይን ጠጅ ንግድ እንዴት ይካሄድ እንደነበረ ጥቂት ማለት ይገባል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የጋስኮኝ አገር የእንግሊዝ ነገሥታት ርስት ስለ ነበረ፣ ከቦርዶ ወደብ የሚነሡ መርከቦች በዓመት ሁለት ጊዜ በጓድ ሆነው ወደ እንግሊዝ ይጓዙ ነበር። በመኸር የሚመጣው አዲሱ ጠጅ ነው፤ በክረምቱ መጨረሻ የሚመጣው ደግሞ ከአተላው ተጠልሎ የሰነበተው ነው። መለኪያው ቶን የሚባለው ታላቅ በርሜል ሲሆን 252 ጋሎን ይይዛል። ጠርሙስና ቡሽ ለዚህ ሥራ ገና ስላልዋሉ ጠጁ ከዓመት በላይ አይቆይም፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የወይን ጠጅ ነጋዴ ዘወትር ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደም ነበር፤ ያልተሸጠው በርሜል በየሳምንቱ ዋጋው ይወርዳል። የተበላሸውን ከደህናው ቀላቅሎ መሸጥ የታወቀ ማጭበርበር ስለ ነበረ ከተማው ይቆጣጠረዋል። በ1364 ጆን ፔንሮዝ የተባለ ሻጭ ብልሹ ጠጅ ሲሸጥ ተይዞ፣ ከዚያው ጠጅ ተጎንጭቶ የቀረው በራሱ ላይ እንዲፈስበት የለንደን ፍርድ ቤት ወስኖበታል።

ንጉሡም ከዚህ ንግድ ድርሻ ነበረው። ሃያ ቶንና ከዚያ በላይ ጭኖ ወደብ ከሚገባ መርከብ ሁለት በርሜል፣ አንዱን ከምሰሶው በፊት፣ አንዱን ከምሰሶው በስተኋላ፣ የመውሰድ ጥንታዊ መብት ነበረው። የውጭ አገር ነጋዴዎች ደግሞ ከ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በበርሜል ሁለት ሺሊንግ ይከፍሉ ነበር። ይህን የሚያስፈጽመው የንጉሡ ጠጅ አዛዥ ነው። በእኛም ቤተ መንግሥት የነበረው የጠጅ አዛዥነት ማዕርግ ይህን ሹመት ለመረዳት ያግዛል፤ የእንግሊዙ ግን የማድቤትና የእልፍኝ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን በየወደቡ እንደራሴዎች ያሉት የቀረጥ መሥሪያ ቤት ጭምር ነበረ። የቾሰር ቤተ ሰብ አራት ትውልድ ሙሉ ኑሮውን ያገኘው ነጋዴውና ንጉሡ በሚገናኙበት በዚህ በር ላይ ቆሞ ነው።

የሮበርት ልጅ ጆን ገና አባወራ ሳይሆን በፍርድ ቤት መዝገብ ገባ። አባቱ ሞቶ እናቱ ሪቻርድ የተባለ ሌላ የወይን ጠጅ ነጋዴ አግብታ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1324 የአባቱ እኅት አግነስ ከግብረ አበሮቿ ጋር ሆና ልጁን ከለንደን ወደ ኢፕስዊች ጠልፋ ወሰደችው። ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች ነበር። አሳቧ ከገዛ ልጇ ጋር አጋብታ በኢፕስዊች ያለው የቤተ ሰቡ ርስት ከእጅ እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። እንጀራ አባቱና ወንድሙ ተከራክረው ልጁን አስመለሱት፤ ጠላፊዎቹም 250 ፓውንድ ካሳ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ፣ የተጠለፈው ልጅ ልጅ ከ50 ዓመት በኋላ በጉምሩክ ሲሾም ደመወዙ በዓመት 10 ፓውንድ ብቻ መሆኑን ማስታወስ በቂ ነው።

ጆን ቾሰር አድጎ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቪንትሪ በሚባለው የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ሰፈር የታወቀ ነጋዴ ሆነ። ሚስቱ አግነስ ኮፕተን የንጉሡን ገንዘብ ይቀርጽ ለነበረ ሰው የወንድሙ ልጅ ነበረች። በ1338 ከንጉሡ ጋር ወደ ፍላንደርስ ዘምቷል። ከ1347 እስከ 1349 ደግሞ በሳውዝሃምፕተን ወደብ የጠጅ አዛዡ ምክትል ሆኖ ሠርቷል። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ የለንደንን ሕዝብ የፈጀው በዚሁ ጊዜ ነው። እንጀራ አባቱ ሪቻርድና ወንድሙ በ1349 ሞቱ፤ የሚስቱ አጎትም እንደዚሁ። ጆን፣ አግነስና ትንሹ ልጃቸው ጄፍሪ ተረፉ፤ የሟቾቹም ሀብት ወደ እነርሱ ዞረ። የባለቅኔው የልጅነት ምቾት በከፊል የመጣው ከዚያ የሞት ዓመት ነው።

ጄፍሪ የተወለደው በ1340ዎቹ መጀመሪያ በቴምዝ ጎዳና እንደ ሆነ ይታመናል። ከቦርዶ የሚመጡ በርሜሎች በማንሻ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ፣ መርከበኞች በብዙ ቋንቋ ሲጨቃጨቁ እያየና እየሰማ አደገ። አባቱ ግን ልጁ በርሜል ሲቆጥር እንዲኖር አልፈለገም። በ1357 ጄፍሪ በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛው ምራት፣ በአልስተር ካውንተስ ቤት ብላቴና ሆኖ ይታያል፤ ለእሱ የተገዛው አጭር ካባ፣ ቀይና ጥቁር የእግር ልብስና ጫማ በቤቱ ወጪ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ይህ መዝገብ ተቀዳዶ የሌላ መጽሐፍ ልባጥ ሆኖ ከቆየ በኋላ የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1359 ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ ተማረከ፤ ንጉሡም በማግሥቱ ዓመት ለማስለቀቂያው 16 ፓውንድ አዋጣ። ቀጥሎ የንጉሡ የእልፍኝ አሽከር ሆነ፤ በ1366 ከንግሥቲቱ ደንገጡሮች አንዷ የሆነችውን ፊሊፓን አግብቶ ነበር። አባቱም የሞተው በዚያው ዓመት ነው፤ እናቱ ዓመት ሳይሞላ ሌላ የወይን ጠጅ ነጋዴ አገባች። ሙያው ከዚያ ቤት በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1372 ቾሰር ለንግድ ጉዳይ ወደ ጣልያን ተላከ። የጀኖዋ ነጋዴዎች በእንግሊዝ የራሳቸው ወደብ እንዲሰጣቸው ይፈልጉ ስለ ነበረ ውሉን ከሚነጋገሩት አንዱ ነበረ። በዚሁ ጉዞ ፍሎሬንስንም አየ። የዳንቴና የቦካቾ ድርሰቶች በኋላ በሥራው ላይ የታዩት ከዚህ የተነሣ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። በወደብ ተወልዶ የነጋዴ ቋንቋ ባያውቅ ኖሮ ወደ ጣልያን ባልተላከም ነበር፤ የእንግሊዝ ቅኔ ለበርሜል ንግድ ያለበት ዕዳ ከዚህ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

1374 የዕድሉ ዓመት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ንጉሡ በየቀኑ አንድ ማንቆርቆሪያ ወይን ጠጅ ለዕድሜ ልክ ድርጎ ሰጠው። በግንቦት ከከተማው ቅጥር በሮች በአንዱ፣ በኦልድጌት፣ ከበሩ በላይ ያለውን መኖሪያ ያለ ኪራይ አገኘ። በሰኔ 8 ቀን ደግሞ በለንደን ወደብ የበግ ፀጉር፣ የአጎዛና የቆዳ ቀረጥ እንዲሁም የወይን ጠጅና የሌሎች ሸቀጦች አነስተኛ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ።

ይህ ሹመት የክብር ስም ብቻ አልነበረም። በሹመት ደብዳቤው መዝገቡን በገዛ እጁ እንዲጽፍና በሥራው ቦታ ራሱ እንዲገኝ ታዟል። አሠራሩ ለማንኛውም የቁጥጥር ባለሙያ የሚገባ ነው። ገንዘቡን የሚቀበሉት ሁለት ቀረጥ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ እነሱ የራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። ተቆጣጣሪው ገንዘብ አይነካም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጭነት፣ የባለንብረቱን ስም፣ ልኩንና ቀረጡን በሌላ መዝገብ ለብቻው ይጽፋል። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ መዝገቦች በንጉሡ የሒሳብ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ይመረመራሉ። ቀረጥ መከፈሉን የሚያረጋግጠው ማኅተም እንኳ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በሰብሳቢዎቹ፣ ግማሹ በተቆጣጣሪው እጅ ስለሚቀመጥ አንዱ ያለ ሌላው ማተም አይችልም። ከአንድ ጆንያ የበግ ፀጉር ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከ2 ፓውንድ በላይ ስለ ነበረ፣ በለንደን ብቻ በዓመት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ፓውንድ በዚያ ሚዛን ላይ ያልፍ ነበር። ለንጉሡ ጦርነት ዋናው የገንዘብ ምንጭ ይህ ነው። ተቆጣጣሪው ግን 10 ፓውንድ ደመወዝና ጥቂት ጉርሻ ይቀበላል።

በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የሌለው ሥርዐት ነው። ችግሩ ሰዎቹ ነበሩ። ቾሰር ሊቆጣጠራቸው የተሾመባቸው ሰብሳቢዎች ኒኮላስ ብሬምበር፣ ዊልያም ዎልወርዝና ጆን ፊልፖትን የመሰሉ የለንደን ታላላቅ ሀብታሞች ናቸው። ሦስቱም በየተራቸው የከተማው ከንቲባ ሆነዋል። ከዚህም በላይ ለንጉሡ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ያበድሩ ነበር፤ ብድራቸውም የሚመለስላቸው ራሳቸው ከሚሰበስቡት ቀረጥ ነው። አበዳሪው፣ ሰብሳቢውና የበግ ፀጉር ላኪው ነጋዴ አንድ ሰው በሆነበት ወደብ፣ በዓመት 10 ፓውንድ የሚከፈለው ተቆጣጣሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1376 ጆን ኬንት የሚባል ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል የላከው የበግ ፀጉር ተደርሶበት፣ የተወረሰው ዋጋ 71 ፓውንድ ከ4 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ለቾሰር ተሰጥቷል። ይህ ከሰባት ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ከታላላቆቹ ሰብሳቢዎች አንዱን ያጋለጠበት መዝገብ ግን አይገኝም። ገንዘብ አጎደለ ብሎ የከሰሰውም የለም። በዐሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ከኃያላኑ ጋር ሳይጋጭ፣ መዝገቡንም ሳያጎድፍ ማለፉ ትዕግሥት ይሁን ዝምታ፣ አንባቢ በየራሱ ይፈርድ ዘንድ የተተወ ነው። ዝምታው ከትዕግሥቱ የሚበዛ ይመስላል።

ሙስናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ አልቀረም። በዚያው በ1376 የተሰበሰበው ምክር ቤት ሪቻርድ ላዮንስን ከሰሰ። ላዮንስ የወይን ጠጅ ነጋዴና የአነስተኛው ቀረጥ ሰብሳቢ ሲሆን በለንደን ጣፋጭ ወይን ጠጅ የመሸጥን መብት ለብቻው ይዞ ነበር። አንድ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ ክሱን ለማስቀረት በዓሣ በርሜል ውስጥ 1000 ፓውንድ ደብቆ ለአልጋ ወራሹ ልኮለት ተመልሶበታል። ቾሰር የዚህን ሰው መዝገብ ያውቅ ነበር፤ የአባቱም የሙያ ባልደረቦች ዓለም ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሰነዶች አንዱ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ1380 ሴሲሊ ቻምፔይን የምትባል ሴት ቾሰርን ከጠለፋ ወይም ከመድፈር ክስ ነጻ የምታደርግበትን ጽሑፍ አስመዝግባ ነበር፤ የላቲኑ ቃል ሁለቱንም ስለሚያመለክት በባለቅኔው ስም ላይ ከባድ ጥርጣሬ አርፎ ቆየ። በ2022 ይፋ የሆኑ ሰነዶች ግን ሁለቱ በአንድ ወገን የተከሰሱ መሆናቸውን፣ ከሳሹም ሴሲሊ የእሱን አገልግሎት ትታ ወደ ቾሰር ሄዳለች የሚል የቀድሞ አሠሪዋ መሆኑን አሳይተዋል።

በሰኔ 1381 የገበሬዎች ዓመፅ ለንደንን አናወጠ። ከኤሴክስ የመጡት ዓመፀኞች ወደ ከተማው የገቡት ቾሰር በሚኖርበት በኦልድጌት በር ሥር ነው። ላዮንስ ተይዞ አንገቱ ተቀላ። በቪንትሪ ሰፈር በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የተሸሸጉ 35 ያህል ፍሌሚሾች ተጎትተው ወጥተው ታረዱ። ቾሰር የተወለደበት መንደር ነው። ከዚህ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 19 ቀን፣ በቴምዝ ጎዳና ባለው በአባቱ ቤት ላይ ያለውን መብት ለሄንሪ ሄርበሪ ለሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ በጽሑፍ ለቀቀ። በዚያ ውል ላይ ራሱን ያስታወቀው በንጉሥ አሽከርነቱ ወይም በጉምሩክ ሹመቱ ሳይሆን የለንደኑ የወይን ጠጅ ነጋዴ የጆን ቾሰር ልጅ ብሎ ነው።

የጉምሩክ ኑሮው የፈረሰው በ1386 ነው። በዚያ ዓመት ለኬንት ግዛት የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ በምክር ቤት ተቀመጠ። ያ ምክር ቤት የወጣቱን ንጉሥ የሪቻርድ ሁለተኛውን ወዳጆች ለመምታት የተነሣ ሲሆን፣ ካቀረባቸው አቤቱታዎች አንዱ በየወደቡ ለዕድሜ ልክ የተሾሙ የቀረጥ ተቆጣጣሪዎች ስለሚበዘብዙ ከሥራ ይነሡ የሚል ነበር። ቾሰር በአዳራሹ ውስጥ ነበረ። በታኅሣሥ ሁለቱንም ሹመቶች ተወ፤ የኦልድጌቱ መኖሪያም ለሌላ ተሰጠ። ሚስቱ በ1387 ሳትሞት አልቀረችም። በ1388 በዕዳ ተከሰሰ፤ የመንግሥት መተዳደሪያውንም ለሌላ ሰው አስተላለፈ። ያጣው ብዙ ቢሆንም በጊዜ መውጣቱ ሕይወቱን አትርፎለታል፤ ለዓመታት መዝገቡን ሲያመሳክር የኖረው ብሬምበር በዚያው በ1388 በሞት ተቀጣ።

የካንተርበሪ ተረቶች የተጀመሩት በዚህ የውድቀት ወራት ነው። የነጋዴው ልጅና የጉምሩኩ ሰው በየገጹ ይታያል። መርከበኛው፣ ነጋዴው እንቅልፍ ሲወስደው ከቦርዶ ከሚመጣው ጠጅ ይሰርቃል። ነጋዴው ባለዕዳ መሆኑን ማንም እንዳያውቅበት ተጀንኖ ይሄዳል። የምሕረት ደብዳቤ ሻጩ፣ በለንደን ገበያ የሚሸጠው የስፔን ነጭ ጠጅ በአጠገቡ ካሉት የፈረንሳይ ጠጆች ጋር በምስጢር ይቀላቀላል እያለ ይቀልዳል፤ ይህን ቀልድ በሚገባ የሚረዳው ከምድር ቤት በርሜሎች መካከል ያደገ ሰው ነው። ቾሰር ግን አይፈርድባቸውም። እያንዳንዱን እንደ ጭነት ባለንብረት በስሙ፣ በልብሱና በያዘው ዕቃ መዝግቦ ያልፋል።

በ1389 ንጉሡ የቤተ መንግሥት ግንባታዎች ሹም አድርጎ መልሶ ሾመው፤ በመስከረም 1390 የመንግሥት ገንዘብ ይዞ ሲጓዝ በወንበዴዎች ደጋግሞ ተዘረፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ሥራውን ተወ። በ1398 ለዕድሜ ልክ በየዓመቱ አንድ ቶን ወይን ጠጅ ተፈቀደለት፤ ይኸውም ከለንደን ወደብ፣ ከጠጅ አዛዡ እጅ የሚቀበለው ነው። በታኅሣሥ 1399 በዌስትሚንስተር ገዳም አትክልት ውስጥ ያለ ቤት ለ53 ዓመት ተከራየ። በመቃብሩ ላይ እንደተጻፈው ጥቅምት 25 ቀን 1400 ሞተ። በገዳሙ የተቀበረው በተከራይነቱ እንጂ በቅኔው አይደለም፤ ሐውልቱ የቆመለት በ1556 ነው።

ልጁ ቶማስ ቅኔ አልጻፈም። በ1402 የንጉሡ ዋና ጠጅ አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ ሹመቱንም ጥቂት ጊዜ ከመቋረጡ በስተቀር በ1434 እስኪሞት ድረስ ያዘ። ቅድመ አያቱ በኢፕስዊች የጠጅ ቸርቻሪ ልጅ፣ አያቱ በሳውዝሃምፕተን የአዛዡ ምክትል፣ አባቱ በለንደን ተቆጣጣሪ የነበሩበት ሥራ ቁንጮው ላይ የደረሰው እሱ ነው። አምስት ጊዜም የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኗል። ልጁ አሊስ የሳፎክ መስፍን ሚስት ሆነች፤ የልጅ ልጇ የሊንከን ኤርል ጆን የንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛው ወራሽ ሊሆን ታጭቶ ሳለ በ1487 በስቶክ ጦርነት ተገደለ።

የቪንትሪው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን በ1666 በለንደን ታላቅ ቃጠሎ ወድሞ እንደገና አልተሠራም። የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ማኅበር አዳራሽ ግን ከቃጠሎው በኋላ ታድሶ በቴምዝ ጎዳና ዛሬም ቆሞ ይገኛል።